ዋስ የሌለው ቃል

ወጣት አንባቢ ሆይ! በአገራችን ጥንታዊ ልማድ ቁም ነገር ያለበት ቃል ብቻውን አይቆምም። ገንዘብ የሚበደር ሰው ዋስ ይጠራል፤ ከሳሽና ተከሳሽም ዳኛ ፊት በቀረቡ ጊዜ ዋስ ይጠራሉ። በእኛ በወሎም ሽማግሌዎችና አባጋሮች ተቀምጠው ደም የተቃባውን ወገን ሲያስታርቁ፣ ዕርቁ እንዳይፈርስ ዋስ ይቀበላሉ። ዋስ ማለት “ይህ ቃል ቢፈርስ ዕዳው በእኔ ላይ ይሁን” ብሎ ራሱን የሚያቀርብ ሰው ነው። ስለዚህም ዋስ ለመሆን የሚያጡት ነገር ሊኖር ይገባል፤ መሬት ወይም ከብት፣ ወይም ከሁሉ የሚበልጠው መልካም ስም። ምንም የሚያጣው ነገር የሌለው ሰው “እኔ ዋስ ልሁን” ቢል ይሳቅበታል እንጂ ማንም አይቀበለውም።

ይህን የአባቶቻችንን ሥርዓት ያነሣሁት ስለ አሮጌ ነገር ለማውራት አይደለም። ዛሬ በወጣቶቻችን እጅ ስለ ገባው እጅግ አዲስ ነገር፣ ይኸውም ሰው ሠራሽ አስተውሎት ስለሚባለው፣ ጥቂት ቃል ለመናገር ነው እንጂ።

እኔ በልጅነቴ በሚስዮን ትምህርት ቤት ተምሬ፣ ዕድሜዬን በአስተማሪነት አሳልፌ፣ አሁን በጡረታ በሐይቅ ከተማ የምኖር ሰው ነኝ። በክረምት ወራት ከየዩኒቨርሲቲው ወደ ወላጆቻቸው የሚመለሱ የሐይቅና የአምባሰል ልጆች ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወደ ቤቴ ይመጣሉ፤ ስለ ግብረ ገብም እንነጋገራለን። ከመካከላቸው የምሕንድስና፣ የሕግ፣ የታሪክና የነርስነት ተማሪዎች አሉ፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አለ። ባለፈው ክረምት “ጋሼ፣ ስለ ሐቀኝነት ሁልጊዜ ይነግሩናል። ነገር ግን በየኪሳችን ስለያዝነው ስለዚህ ነገር ማንም ምንም አልነገረንም” አሉኝ። እንግዲህ ለእነርሱ ያስተማርሁትን፣ ከእነርሱም የተማርሁትን ለአንተ ለአንባቢው አቀርባለሁ።

አስቀድሞ የነገሩን ምንነት ማወቅ ያስፈልጋል። እኔ በአሮጌው ልማድ የጽሕፈት መኪና፣ የስፌት መኪና እንደምንለው፣ ይህንንም “መኪና” ብዬ እጠራዋለሁ፤ ተማሪዎቹ በዚህ ይስቃሉ። የዚህ ዓይነቱ መኪና ለሰው ሁሉ የተገለጠው ቻት ጂፒቲ የተባለው በኅዳር 2015 ዓ.ም. በወጣ ጊዜ ነው። አሠራሩን የምሕንድስናው ተማሪ ሲያስረዳን እንዲህ አለ፤ “የሰው ልጅ የጻፈውን እጅግ ብዙ ጽሑፍ ያስነብቡታል፤ እርሱም ከአንድ ቃል ቀጥሎ የትኛው ቃል ሊመጣ እንደሚችል በሒሳብ መገመትን ይለማመዳል። ጥያቄ ስታቀርብለት፣ በዚያ ግምት ቃልን ከቃል እያስከተለ መልስ ይሠራልሃል።”

ይህን በሰማሁ ጊዜ የቄስ ትምህርት ቤት ልጅ ትዝ አለኝ። ልጁ ዳዊቱን ከዳር እስከ ዳር ሳያደናቅፈው ያነበንባል፤ ግእዙ ግን ገና አልገባውም። የቁርአን ቤት ልጅም ዐረብኛውን ሳያውቅ አሳምሮ ይቀራል። ሊቃውንቱም ይህን ስለሚያውቁ ንባብ ሌላ፣ ትርጓሜ ሌላ ብለው ለይተው ያስተምራሉ። መኪናው ንባቡ ያማረ ነው። አነጋገሩ የማያወላውል ስለ ሆነ ግን ብዙ ሰው ትርጓሜውንም የሚያውቅ ይመስለዋል። ከዚህም በላይ በአማርኛ የተጻፈውና መኪናው ሊያነበው የሚችለው ጽሑፍ ከእንግሊዝኛው ጋር ሲነጻጸር እጅግ ጥቂት ስለ ሆነ፣ በእኛ ቋንቋ ሲናገር ስሕተቱ ይበዛል።

የመጀመሪያውን ትምህርት ከሩቅ አገር አላመጣሁትም። ከሐይቅ ተነሥቶ በወልድያ መንገድ ወደ ሰሜን የሚጓዝ ሰው የአምባሰልን ወረዳ ዋና ከተማ ውጫሌን ያገኛል። በዚያው አካባቢ ይስማ ንጉሥ በሚባለው ስፍራ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክና የኢጣልያው መልእክተኛ ፒዬትሮ አንቶኔሊ ውል ተፈራረሙ። አማርኛውና ጣልያንኛው ትክክል መሆናቸውና እኩል መታመናቸው በዚያው ውል ውስጥ ተጽፎ ነበር። ነገር ግን በ17ኛው ክፍል አማርኛው የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ከአውሮፓ ነገሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣልያ መንግሥት አማካይነት መላላክ “ይቻላቸዋል” ሲል፣ ጣልያንኛው ይህንኑ እንደ ግዴታ አድርጎ አስቀመጠው። ፈቃድና ግዴታን የሚለየው አንድ ግስ ነበር። ኢጣልያም ይህን ይዛ ኢትዮጵያ በጥበቃዬ ሥር ናት ስትል ለአውሮፓ መንግሥታት አስታወቀች።

ተማሪዎቹ ይህን ታሪክ ሁሉም ያውቁታል። እኔ ግን ያልተጠየቁትን አንድ ጥያቄ ጠየቅኋቸው፤ “አፄ ምኒልክ ነገሩን በደረሱበት ጊዜ ምን አደረጉ?” አልኋቸው። የታሪኩ ተማሪ “በ1883 ዓ.ም. ለኢጣልያው ንጉሥ ለኡምቤርቶ ደብዳቤ ጻፉ፤ አማርኛውና ጣልያንኛው እንደማይስማሙ አስታወቁ። በ1885 ዓ.ም. ውሉን አፈረሱ። ከዚያም የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ ሆነ። በጥቅምት 1889 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተፈረመው ውል የውጫሌው ተሰረዘ” ብሎ መለሰ። እኔም “ልብ በሉ!” አልኋቸው፤ “በዚያ ወረቀት ላይ ማኅተም ነበረ። ከማኅተሙም በስተኋላ ስም ያለው ንጉሥ፣ ስም ያለው መልእክተኛ ነበረ። የተበደለው ወገን ደብዳቤ የሚጽፍለትና ‘ቃልህ ይህ ነው ወይ?’ ብሎ የሚጠይቀው ሰው አላጣም። ውሉን የተረጎመው መኪና ቢሆን ኖሮ፣ አፄ ምኒልክ ደብዳቤውን የሚጽፉት ለማን ነበር?”

ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ በኋላ የነርስነት ተማሪዋ ተናገረች። በጤና ጣቢያ ልምምድ ላይ ሳለች በእንግሊዝኛ የተጻፈውን የመድኃኒት ወረቀት በስልኳ እያስተረጎመች ለሕሙማን ታስረዳ እንደ ነበር ገለጸችልን። “አሁን የገባኝ” አለች፣ “‘ከምግብ በፊት ሊወሰድ ይችላል’ እና ‘ከምግብ በፊት መወሰድ አለበት’ የሚሉት ሁለቱ፣ ልዩነታቸው የ17ኛው ክፍል ልዩነት ነው። ታማሚው ቢጎዳ የሚጠይቀኝ እኔን ነው፤ ስልኩን አይደለም።” ወጣት አንባቢ ሆይ፣ እኔ ብዙ ሰዓት ብናገር ይህችን ያህል አላስረዳም ነበር።

ጉግል የተባለው ኩባንያ በትርጉም መኪናው ላይ አማርኛን የጨመረው በየካቲት 2008 ዓ.ም. ነው። ለብዙ ሰው ጠቃሚ መሆኑን አልክድም። ነገር ግን እንግሊዝኛ ለሁሉ ሰው አንድ ዓይነት መጥሪያ ሲኖረው፣ እኛ አንተ፣ አንቺ፣ እርስዎ፣ እናንተ እያልን እንለያለን። ስለዚህ ማንኛውም የትርጉም መኪና ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ሲመልስ ከእነዚህ አንዱን መምረጥ ግድ ይሆንበታል፤ የሚናገረው ለማን እንደ ሆነ ግን ካልተነገረው አያውቅም። የሕጉ ተማሪ ከውጭ አገር ልጃቸው የጻፈላቸውን ደብዳቤ ለአንዲት አረጋዊት በመኪና አስተርጉሞ ቢያነብላቸው፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው “አንተ” እያለ ጠራቸው። እሳቸውም “ልጄ እናቱን ረሳኝ እንዴ?” አሉ። እኛ በዚህ ሳቅን፤ ሴትዮዋ ግን ያን ዕለት አልሳቁም።

ሁለተኛው ትምህርታችን ስለ ሰው ፊት ነበር። የሰውን ፊት አይተው ወንድ ወይም ሴት ነው ብለው የሚለዩ መኪናዎች አሉ። ጆይ ቡኦላምዊኒ የተባለች የጋና ተወላጆች ልጅ፣ በአዲስ አበባ ተወልዳ ካደገችው ከትምኒት ገብሩ ጋር ሆና፣ ሦስት ኩባንያዎች ያቀረቧቸውን እንዲህ ያሉ መኪናዎች መረመረች። ሁለቱ የሩዋንዳን፣ የሴኔጋልን፣ የደቡብ አፍሪካን፣ የአይስላንድን፣ የፊንላንድንና የስዊድንን የምክር ቤት አባላት ፎቶግራፍ፣ በጠቅላላው የ1,270 ሰዎች፣ ሰበሰቡ። በ2010 ዓ.ም. ያወጡት ውጤት ዓለምን አስገረመ። መልካቸው ነጣ ያሉ ወንዶችን በመለየት ረገድ የመኪናዎቹ ስሕተት ከ0.8 ከመቶ አልበለጠም፤ መልካቸው ጠቆር ያሉ ሴቶችን በመለየት ረገድ ግን እስከ 34.7 ከመቶ ደረሰ። ይህም ማለት ከሦስት ሴቶች አንዷን ያህል ይስታል ማለት ነው።

ይህ ለምን ሆነ? መኪናው ጥላቻ ስለ ያዘው አይደለም፤ መጥላትም መውደድም አያውቅም። ለሥልጠና ከተሰጡት ፎቶግራፎች መካከል የእኛን የመሰለ ፊት ጥቂት ስለ ነበረ ነው። ሠሪዎቹም ከመሸጣቸው በፊት “ይህ ነገር ለሁሉ ሰው ይሠራልን?” ብለው አልጠየቁም። ከድግሱ ያልተጠራ ሰው ድርሻው አይነሣለትም። ነገር ግን ከዚህ ታሪክ ሌላ ቁም ነገር አለ። ሁለቱ ሴቶች የኩባንያዎቹን ስም በግልጽ ጠርተው ስሕተቱን ካሳዩ በኋላ፣ ኩባንያዎቹ መኪናዎቻቸውን አሻሻሉ። የመኪናው ስም ሳይሆን የሠሪው ስም ሲጠራ ስሕተት ይታረማል። ዋስ የሚያስፈልገው ስለዚህ ነው።

ትምኒት ግን ዋጋ ከፍላለች። በጉግል ኩባንያ የሥነ ምግባር ምርምር ቡድን ትመራ በነበረበት ጊዜ፣ ታላላቅ የቋንቋ መኪናዎች ስለሚያመጡት ጉዳት ከባልደረቦቿ ጋር በጻፈችው ጽሑፍ ምክንያት ከአለቆቿ ጋር ሳትስማማ ቀርታ፣ በኅዳር 2013 ዓ.ም. ከሥራዋ ወጣች። እርሷ ተባረርሁ አለች፤ ኩባንያው ደግሞ ራሷ ለቀቀች አለ። በዓመቱ የራሷን የምርምር ተቋም መሠረተች። ለተማሪዎቼ ይህን የነገርሁበት ምክንያት፣ እውነትን በስሙ ፈርሞ የሚናገር ሰው አንዳንድ ጊዜ እንጀራውን እንደሚያጣ አስቀድመው እንዲያውቁት ብዬ ነው። ዋስ መሆን ያለ ዋጋ አይገኝም።

ሦስተኛው ትምህርት ከሁሉ የከበደ ነው፤ በምናስተምርበት ዕለትም ማንም አልሳቀም። መኪናው ቃልን የሚሠራ ብቻ አይደለም፤ ሰዎች የጻፉትን ቃል ለማን እንደሚያሳይና ምን ያህል እንደሚያሠራጭ የሚመርጥም መኪና አለ። በፌስቡክ ላይ የቱ ጽሑፍ በዓይናችን ፊት እንደሚቀርብ የሚወስነው እንዲህ ያለው መኪና ነው። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህር የነበሩት ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ ጥቅምት 24 ቀን 2014 ዓ.ም. በቤታቸው ደጃፍ በጥይት ተገደሉ። ልጃቸውና ሌሎች በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. የፌስቡክን ባለቤት ሜታን በናይሮቢ ፍርድ ቤት ከሰሱ። ክሱ እንደሚለው፣ ከግድያው በፊት በፕሮፌሰሩ ላይ ጥላቻ የሚያነሣሣ ጽሑፍ ከስማቸውና ከፎቶግራፋቸው ጋር በፌስቡክ ወጥቶ ነበር፤ ልጃቸውም እንዲነሣ ደጋግሞ ቢያመለክት በጊዜው አልተነሣም፤ መኪናውም ቁጣ የሚቀሰቅሰውን ጽሑፍ አብልጦ ያሠራጫል። ኩባንያው የኬንያ ፍርድ ቤት ይህን የማየት ሥልጣን የለውም ብሎ ተከራከረ። ፍርድ ቤቱ ግን በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ጉዳዩን የማየት ሥልጣን አለኝ ብሎ ወሰነ።

ጥፋተኛው ማን እንደ ሆነ መፍረድ የፍርድ ቤቱ ነው እንጂ የእኔም የአንተም አይደለም። ነገር ግን የዚያ ልጅ ጥያቄ ከተማሪዎቼ ልብ አልወጣም። ከሳሹ የሚጠይቀው በአጭሩ ይህ ነው፤ አባቴ ላይ የወረደውን ቃል የተሸከመው መኪና ዋሱ ማን ነው? የቀድሞ ሰዎች “ከአፍ ከወጣ አፋፍ” ይሉ ነበር። በእነርሱ ዘመን ቃሉ ከአፋፍ እስከ አፋፍ ቢደርስ ነው። አሁን ግን በአንዲት ሌሊት አገር ያዳርሳል፤ ተናጋሪው ግን ተኝቷል፤ አሠራጩም ፊት የለውም።

በዚህን ጊዜ የሕጉ ተማሪ “ጋሼ፣ ታዲያ ኩባንያው ለምን ዋስ አይሆንም? ገንዘብም ስምም አለው፤ የሚያጣው ነገር አለው” አለኝ። መልካም ጥያቄ ነው። ሊሆን ይገባዋል፤ ሕግም ሊያስገድደው ይገባል። የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት በኅዳር 2014 ዓ.ም. ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ሥነ ምግባር ያጸደቀው ምክረ ሐሳብ፣ የመጨረሻው ኃላፊነት ሁልጊዜ በሰው ላይ ሊሆን እንደሚገባ ይናገራል። በአገራችንም የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ የሚኒስትሮች ምክር ቤትም በሰኔ 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፖሊሲ አጽድቋል። እነዚህ ጅምሮች ናቸው። እስከዚያው ግን የቻት መኪናዎቹ ሠሪዎች ራሳቸው ከመልሱ ግርጌ በትንንሽ ፊደል “መኪናው ሊሳሳት ስለሚችል አረጋግጡ” ብለው ይጽፋሉ። ይህ ምን ማለት ነው? “እኛ ዋስ አይደለንም” ማለት ነው። ዋስነቱ ከሠሪው ከወረደ በማን ላይ ይወድቃል? ቃሉን ወስደህ በስምህ በምታቀርበው በአንተ ላይ ነው።

ይህን ስናገር አንዲት የአምባሰል ልጅ አላስጨረሰችኝም። በትሕትና፣ ነገር ግን በቆራጥነት እንዲህ አለችኝ፤ “ጋሼ፣ እርስዎ በልጅነትዎ እጅዎን ይዘው ያስተማሩዎ የሚስዮን አስተማሪዎች ነበሩዎት። እኔ ከቤተሰቤ ዩኒቨርሲቲ የገባሁ የመጀመሪያዋ ነኝ። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ምክንያት ትምህርታችን ተቋርጦ ነበር፤ ዩኒቨርሲቲ ስገባ እንግሊዝኛዬ ደካማ ነበር። ሌሊት መጽሐፉ አልገባ ሲለኝ፣ አሥር ጊዜ ብጠይቀው የማይሰለች፣ የማይስቅብኝም መምህር ያገኘሁት ይህን ብቻ ነው። የሀብታም ልጅ አስጠኚ ይቀጠርለታል፤ የእኔ አስጠኚ ይህ ነው። ተዪው ይሉኛል ወይ?”

አንባቢ ሆይ፣ ይህን ጥያቄ በቀላሉ የሚያልፍ አስተማሪ ቢኖር አስተማሪ አይባልም። እኔም አልኋት፤ “ልጄ፣ አትተዪው። ያልገባሽን እንዲያስረዳሽ ጠይቂው፤ ያስረዳሽንም ከመጽሐፍሽ ጋር አስተያዪው። የደከመ ሰው ምርኩዝ ቢይዝ ነውር አይደለም። ነገር ግን ምርኩዝ ይደግፋል እንጂ መንገድ አይመርጥም። በአንቺ ፋንታ ከተራመደልሽ፣ እግርሽ ይሰንፋል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ተመራቂ ተማሪ ሁሉ የመውጫ ፈተና ይፈተናል፤ በፈተናው አዳራሽ ብቻሽን ነሽ። ከዚያም በኋላ በሥራሽ፣ ሕዝብ ፊት ስትቆሚ፣ ብቻሽን ነሽ።”

እርሷም ፈገግ ብላ ስለ ራሷ አንድ ነገር አጫወተችን። ለመመረቂያ ጽሑፏ ስለ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም መኪናውን ብትጠይቀው፣ የአንድ መጽሐፍ ርእስ፣ የደራሲውን ስም፣ የታተመበትን ዓመትና ገጹን ሳይቀር ሰጣት። እርሷ መጽሐፉን ልታየው ፈለገችና ቤተ መጻሕፍት ለቤተ መጻሕፍት ዞረች፤ አላገኘችም። በመጨረሻም ገባት፤ እንዲህ ያለ መጽሐፍ ከቶ አልተጻፈም። መኪናው ከቃል ቀጥሎ የሚመስለውን ቃል እያስከተለ የሌለ መጽሐፍ ሠርቶላት ነበር። ሰው እንዲህ ቢያደርግ ውሸታም እንለዋለን። መኪናው ግን አልዋሸም፤ ለመዋሸት እውነትን አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል።

በሌላ ዩኒቨርሲቲ ይማር የነበረ የአካባቢያችን ልጅ ግን እንደ እርሷ አልዞረም። የሌሉትን መጻሕፍት እንዳሉ ጽፎ አስገባ። መርማሪዎቹ ደርሰውበት “ይህን ከየት አመጣኸው?” ቢሉት “መኪናው ነው ያሳሳተኝ” አለ። እነርሱም “በሽፋኑ ላይ የተጻፈው ስም የማን ነው?” ብለው ጠየቁት። ጽሑፉ ተመለሰበት፤ ምረቃው ተላለፈ። አባቱ ለምረቃው ቀን በሬ ሸጠው የተዘጋጁ ገበሬ ነበሩ። ጎረቤት ሁሉ “ልጅዎ መቼ ነው የሚመረቀው?” ሲላቸው የሚመልሱት አጡ። እንግዲህ ስም ማለት ይህ ነው፤ የአንድ ሰው ብቻ አይደለም፤ የአባትም ስም ከጎኑ ተጽፏል።

ይህ በድኻ አገር ብቻ የሚደርስ አይምሰልህ። በአሜሪካ በኒው ዮርክ ሁለት ጠበቆች መኪናው የፈጠራቸውን፣ ከቶ ያልተፈረዱ ስድስት የፍርድ ጉዳዮች በማስረጃነት ለፍርድ ቤት አቀረቡ። ዳኛው በሰኔ 2015 ዓ.ም. ጠበቆቹንና ድርጅታቸውን 5,000 ዶላር ቀጣቸው። በመኪና መርዳት መረዳት በራሱ ጥፋት እንዳልሆነ፣ ነገር ግን ጠበቃ የሚያቀርበው ነገር ትክክል መሆኑን የማረጋገጥ ግዴታ እንዳለበት አስታወቁ። መኪናው አልተቀጣም። መኪና አይቀጣም፤ አያፍርም፤ ጎረቤት የለውም፤ አባት የለውም። ስለዚህም ነው ዋስ ሊሆን የማይችለው።

ከውይይታችን ሁሉ በኋላ ተማሪዎቹ አጠር ያለ መመሪያ እንድሰጣቸው ጠየቁኝ፤ እኔም ሦስት ጥያቄ ሰጠኋቸው። ከመኪና የመጣ ቃል በእጅህ ሲገባ፣ ለሌላ ሰው ከማስተላለፍህ በፊት እነዚህን ሦስት ጠይቅ። አንደኛ፣ ይህ ቃል ከየት መጣ? ምንጩን በዓይንህ አይተኸዋልን? ሁለተኛ፣ ሐሰት ሆኖ ቢገኝ የሚጎዳው ማን ነው? የምትጎዳው አንተ ብቻ ከሆንህ ነገሩ ቀላል ነው፤ ታማሚ፣ ተከሳሽ፣ ወይም ስሙ የሚጠፋ ጎረቤት ከሆነ ግን እጅግ አስብበት። ሦስተኛ፣ ዋሱ ማን ነው? ማንም ከሌለ፣ አንተ ልትሆነው ትችላለህን? “ይህ ቃል ቢፈርስ ዕዳው በእኔ ላይ ይሁን” ለማለት ካልደፈርህ፣ ቃሉን አታስተላልፈው። ለምሕንድስናው ተማሪ ደግሞ አራተኛ ጨመርሁለት፤ አንተ መኪናውን የምትሠራ ከሆንህ፣ በሥራው የሚዳኙት ሰዎች ስሕተት ቢያገኙ የሚያመለክቱበት በር ሠርተህላቸዋልን? በሩን የሚከፍትስ ሰው አስቀምጠሃልን?

ይህ መመሪያ ከውጭ አገር የመጣ አይምሰላችሁ አልኋቸው። በዚሁ በሐይቃችን ዳር አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ዘመን በሐይቅ እስጢፋኖስ ትምህርት ቤት አቁመው ብዙ ደቀ መዛሙርት አፈሩ፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም በዚያ ተምረዋል። ለገዳሙ በሰጡት ወንጌል ላይ ስጦታው የእሳቸው መሆኑ ተጽፎ ይገኛል። በብራና ዘመን የነበሩት ጸሐፊዎቻችንም መጽሐፉን ሲፈጽሙ ብዙ ጊዜ የጻፈውንና ያጻፈውን ሰው ስም በመጨረሻ ያኖሩ ነበር፤ አንባቢውም እንዲጸልይላቸው ይለምኑ ነበር። ያ ስም ለክብር ብቻ የተጻፈ አይደለም። ቃሉን ወደ እኛ ያደረሰው ስም ያለው ሰው መሆኑን ይነግረናል። ፊደል ቢገደፍ የተገደፈው በስሙ ነው፤ ቃሉ ቢያማርም የሚመሰገነው እርሱ ነው።

አባቶቻችን “የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ” ይሉ ነበር። አባባሉ ለዛሬ ጆሮ ጨካኝ ይመስላል፤ ለቃል የሰጡትን ክብደት ግን ያሳያል። አንተ የምትኖረው ግን ቃል እንደ ጎርፍ በሚወርድበት፣ ተናጋሪው በማይታወቅበት ዘመን ነው። መኪናው ከአንተ ይልቅ በፍጥነት ይጽፋል፤ ከአንተ ይልቅ ብዙ አንብቧል፤ ነገም ከዛሬው ይልቅ ይሻላል። አንድ ነገር ግን ከአንተ ሊወስድ አይችልም፤ ይኸውም ለተናገሩት ቃል ፊት ለፊት ቆሞ መልስ መስጠት ነው። ይህን ሥራ መኪናው ስለማይችለው ለአንተ ተትቶልሃል። ስለዚህ ስምህን ከመጻፍህ በፊት አንብብ፤ ካነበብህ በኋላ መርምር፤ ከመረመርህ በኋላ ግን ሳትፈራ ፈርም።